እናቴና አዲሷ ለቃሚ

ካርቶኑ ከአዲስ አበባ ዲላ የገባው ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ታስሮ ነው። ወንድሜ በአራቱም ጎኑ «ተሰባሪ» ብሎ ጽፎበታል። አባቴና እኔ ከመናኸሪያ እስከ ቤት በባጃጅ ስናመጣው እንደ ሕመምተኛ ጭናችን ላይ አጋድመነው ነበር። ሳሎን ውስጥ ስንከፍተው ክብ፣ ነጭ፣ ከሰፌድ አነስ የሚል ነገር ወጣ። እናቴ ዙሪያውን አየችው።

«ይሄ ነው ወለል የሚወለውለው?» አለች። «እጅ እንኳ የለውም እኮ።»

«እጅ ባይኖረውም አፍም የለውም» አለ አባቴ። «እየሠራ አያወራም። በዚህ ቤት ትልቅ ነገር ነው።»

ቁልፉን ስጫነው ማሽኑ በሴት ድምፅ፣ በእንግሊዝኛ ሥራ መጀመሩን ተናገረ። እናቴ አባቴን ዞር ብላ አየችው። አባቴ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ስለሆነ ሲሳሳት እንዴት ዝም እንደሚባል ያውቃል፤ የአጠቃቀም መመሪያውን አንስቶ ማንበብ ጀመረ።

ማሽኑ የመጣው በእኔ ጉትጎታ ነው። የእናቴ የግራ ጉልበት ካበጠ ቆይቷል። ሐኪሙ በግልጽ ነግሯት ነበር፤ መንበርከክ የለም፣ ቁጢጥ ማለት የለም፣ ጎንበስ ብሎ መወልወል የለም፤ ካላረፈ ወደ ቀዶ ሕክምና ነው የምንሄደው ብሎ። እናቴ አንገቷን እየነቀነቀች «እሺ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ ወጣች። ቤት እንደደረስን ባልዲውን አነሳች። በረጅም እንጨት ይወልወል ስላት፣ በረጅም እንጨት የሚወለወለው የመሥሪያ ቤት ኮሪደር ነው አለችኝ። ሠራተኛ እንቅጠር ስላት ደግሞ ተቆጣች። «ሌላ ሴት ቤቴ ውስጥ ተንበርክካ እኔ ተቀምጬ ላያት? የተንበረከኩበትን ዘመን ረሳሁት?»

ስለዚህ ወለሉን ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት እና ማታ ስመለስ እኔ እወለውል ነበር። ከተመረቅሁ ጀምሮ የምሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት ሰነድ ክፍል ነው፤ መንገዱ አጭር ስለሆነ ይቻለኛል። ችግሩ ሌላ ነበር። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪ ተቀብለውኛል፣ ምዝገባው የጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። ይህን ለማንም አልተናገርሁም። ነገር ከመናገሬ በፊት ብዙ ጊዜ የማሰላስል ሰው ነኝ፤ አንዳንዴም ሳሰላስል ጊዜው ያልፋል። ለራሴ ብቻ እንዲህ አልሁ፦ ይህ ማሽን ቤቱን ከቻለ እሄዳለሁ፤ ካልቻለ ግን እናቴን ከባልዲው ጋር ትቼ አልሄድም።

እንዲህ ዓይነት ፈተና ላይ መሆኑን ማሽኑ አያውቅም ነበር። ቢያውቅ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን የሶፋውን እግር አሥር ጊዜ ባልገጨ።

እናቴ በወጣትነቷ የቡና መጋዘን ውስጥ ለቃሚ ነበረች። ሴቶቹ በረድፍ ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዷ ፊቷ ላይ የቡና ክምር አለ፤ ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን ፍሬ እየለቀመች ታወጣለች። ከብዙ ዓመት በኋላ ካቦ ሆነች፤ ማለትም የለቃሚዎቹ ኃላፊ። የካቦ ሥራ ከተለቀመው ክምር አንድ እፍኝ አንስቶ መዳፍ ላይ መበተን ነው። አንድ ጥቁር ፍሬ ከተገኘ «ይደገም» ትላለች፤ ክምሩ ይመለሳል። እናቴ ከመጋዘኑ ከወጣች ብዙ ዘመን ቢሆንም እጇ ግን አልወጣም። ገበያ ላይ ምስር ስትገዛም እንደዚያው ነው የምታደርገው፤ ሻጮቹ ሲያዩዋት ፊታቸው ይለዋወጣል።

ማሽኑ ወለሉ ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ ፍርፋሪ ሲያነሳ ስታይ፣ «እንግዲህ ይቺ ለቃሚ ናታ!» አለች። ስሙ በዚያው ቀረ። በሴት ድምፅ ስለምታወራ ሴት ሆነች። እውነቱን ለመናገር፣ ስም ማግኘቷን ጥሩ ምልክት አድርጌ ወስጄው ነበር። አዲስ ለቃሚ መጋዘን ስትገባ ምን እንደሚጠብቃት አላሰብሁም።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ስነሳ እናቴ በመጥረጊያ ሳሎኑን እየጠረገች ነበር።

«እማ፣ ለቃሚዋ አለች እኮ!»

«አውቃለሁ። ግን ገና አዲስ አይደለችም እንዴ? እንዲህ በቆሸሸ ቤት ሥራ ብታስጀምሪያት ምን ትለናለች?»

«ምንም አትልም፤ ማሽን ናት።»

«በእንግሊዝኛ ስትናገር ሰምቻታለሁ።»

በሦስተኛው ቀን የውኃ ማጠራቀሚያዋ ውስጥ የዱቄት ሳሙና ጨመረችበት። መመሪያው ንጹሕ ውኃ ብቻ ይላል፣ አባቴም ቃል በቃል አንብቦ ተርጉሞላታል። «በውኃ ብቻ የተወለወለ ወለል ተወለወለ ይባላል?» አለች። ለቃሚዋ አረፋ እየተፋች፣ ጎማዋ እየተንሸራተተ፣ ኮሪደሩን እንደ ሰካራም አቋርጣ የአባቴ ጫማ ላይ ተደገፈች። ቀኑን ሙሉ ሳደርቃት ዋልሁ።

ሌላም ብዙ ነገር ነበር። ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት መሻገሪያ ላይ ያለው የሲሚንቶ ደፍ ከፍ ስለሚል አትዘልለውም፤ አንስቼ ማሳለፍ አለብኝ። የላስቲክ ምንጣፉ ጠርዝ በተጠቀለለበት ገብታ ምንጣፉን ከነራሷ ትጠቀልለዋለች። መብራት በሄደ ማግስት ባትሪዋ ባዶ ሆኖ ጥጓ ላይ ተኝታ ትውላለች፤ እናቴ «ዛሬ ቀረች» ትላለች፣ ልክ በረድፉ ያልተገኘች ሴት እንደምትቆጥር። የክረምቱ ቀይ ጭቃ ደግሞ ለብቻው ነው። ሲደርቅ ትጠርገዋለች። ርጥብ ሆኖ ከገባ ግን በመወልወያ ጨርቋ ይዛው ትዞርና፣ በር ላይ የነበረውን የጫማ ኮቴ ሳሎን መሀል በሰፊው ቀብታ፣ ሥራዋን መጨረሷን በኩራት ታስታውቃለች።

ግን አልጋ ሥር ስትገባ ጎበዝ ናት። ሶፋ ሥር፣ ቁም ሣጥን ሥር፣ ሰው ካልተንበረከከ በማይደርስበት ቦታ ሁሉ ትገባለች። እኔ ተስፋ ያደረግሁት በዚህ ነበር። ያ ቦታ የእናቴ ጉልበት የሚያልቅበት ነውና።

የተሳሳትሁትም በዚሁ ነበር። ለቃሚዋ ሥራዋን ስትጨርስ እናቴ ሥራዋን ትጀምራለች። ነጭ ጨርቅ ይዛ ተንበርክካ ሶፋ ሥር እጇን ትሰድዳለች፤ ጨርቁን አውጥታ መስኮቱ ጋ ታየዋለች፤ ትንሽ ጥላሸት ካየች «ይኸው» ትላለች። ከዚያ የቀረውን ራሷ ትወለውላለች። አንድ የሚያንበረክክ ሥራ የነበረባት ሴት አሁን ሁለት ሆነባት፤ ማየትና ማስተካከል።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ አባቴ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። እናቴ አልጋው ጋ ተንበርክካ፣ ግንባሯን ፍራሹ ላይ አድርጋለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አላት።

«እየጸለይሁ ነው» አለች፣ ዓይኗን ሳትከፍት።

«ሐኪሙ ወንበር ላይ ሆነሽ ጸልዪ ብሎሻል።»

«ጌታ እንጂ ሐኪሙ አይደለም የሚሰማኝ።»

«እሺ፤ ጌታ በቀኝ እጅሽ የያዝሽውን እርጥብ ጨርቅ ምን ይለዋል?»

እናቴ ጨርቁን አልጋው ሥር ወረወረችው። አባቴ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ስትነሣ ግን ጉልበቷ እምቢ አላት፣ የአልጋውን ጫፍ ይዛ ትንሽ ቆየች። ሳቃችን አብሮ ቆመ።

ጥቅምት ገባ። የቡና ለቀማ ጊዜ ስለሆነ የአባቴ እህት ከኮንጋ በሞተር ሳይክል መጣች፤ ከኋላዋ አንድ ኬሻ ጀንፈል ታስሯል። ጀንፈል ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና ነው፤ የሷ ግን ገና በደንብ አልደረቀም። ግቢያችን ውስጥ ሸራ ላይ ልታሰጣው አስባ ነው የመጣችው። አክስቴ በእናት ቋንቋዋ በጌዴኡፋ ስትናገር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ የሚያዳምጣት ሴት ናት። አማርኛ ላይ ግን ወንድና ሴትን እንደመጣላት ታድላለች።

«አንተ ልጅ፣ ደህና ነህ?» አለችኝና አቀፈችኝ። ለቃሚዋን ስታይ ደግሞ ጎንበስ ብላ፣ «አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?» አለቻት። አባቴ እስከ ምሳ ድረስ ሳቁ አልለቀቀውም። «የኔን ልጅ ወንድ አድርገሽ የገዛነውን ዕቃ ሴት ልጅ አደረግሽልን» አላት።

በማግስቱ ሌሊት ሲነጋጋ ዝናብ መጣ። አክስቴ ተነሥታ ጀንፈሉን ከነሸራው ወደ ሳሎን ጎትታ ወለሉ ላይ በተነችው፤ ቤተሰብ የሚያደርገው ነው፣ ቡና ከሚበሰብስ ሰው በግድግዳ በኩል ያልፋል። እኔ ሥራ ሄድሁ። ለቃሚዋ በየቀኑ ሦስት ሰዓት ላይ በራሷ እንድትነሣ በስልኬ እንዳዘዝኋት ትዝ ያለኝ ቢሮ ከደረስሁ በኋላ፣ አባቴ ሲደውል ነው።

«ነይ» አለ። «ቡና እየዘራች ነው።»

ስደርስ ጀንፈል ኮሪደሩ ውስጥ ነበር፣ ወጥ ቤት ነበር፣ ሶፋ ሥር ነበር። ለቃሚዋ ሸራው ጠርዝ ላይ ወጥታ፣ ብሩሿ ፍሬ አንቆት፣ እርዳታ እየጠየቀች ትዞራለች። አክስቴ «ተዪ! ሂጂ! አንቺ!» እያለች በነጠላዋ ትመታታለች። እናቴ ደግሞ ወለሉ ላይ ነበረች። እግሯን ዘርግታ ሳይሆን ከሥሯ አጥፋ፣ እንደ ድሮዋ እንደ ወጣትነቷ፣ ፍሬውን አንድ በአንድ እየለቀመች። ጣቷ እንዴት እንደሚፈጥን አይቼ አላውቅም ነበር። ተነሺ ብላት አትሰማም። የአክስቴ የዓመት ልፋት ነው አለች፤ በመጥረጊያ ከቆሻሻ ጋር አልደባልቀውም አለች።

ያን ቀን ማታ ጉልበቷ እንደ ብርቱካን አበጠ። አባቴ የቀዝቃዛ ውኃ ጨርቅ አደረገላት። አክስቴ አጠገቧ ተቀምጣ በጌዴኡፋ ቀስ ብላ ጸለየችላት፣ ከዚያም ለእኔ «አይዞህ» አለችኝ። እኔ ክፍሌ ገብቼ ለሐዋሳ ደብዳቤ ጻፍሁ። በቤተሰብ ጉዳይ ምክንያት ዘንድሮ መመዝገብ አልችልም የሚል፣ ጥንቅቅ ያለ፣ ሦስት ጊዜ የታረመ ደብዳቤ። ጠዋት ልልከው ስልኬ ላይ አስቀመጥሁት።

ጠዋቱ ቅዳሜ ነበር። አክስቴ ጀንፈሏን ይዛ ፀሐይ ወደ ወጣበት ግቢ ወጥታለች። ለቃሚዋን አጽድቼ፣ ከብሩሿ ውስጥ የመጨረሻዋን ፍሬ አውጥቼ አስነሣኋት። ሳሎኑን ዞራ ጨረሰች። እናቴ ሶፋው ላይ ነበረች። ለቃሚዋ ማብቃቷን ስታስታውቅ ነጩን ጨርቅ ከጎኗ አነሣች፣ የሶፋውን ክንድ ያዘች፣ ያበጠውን ጉልበት ወደ ወለሉ ማውረድ ጀመረች።

እናቴ አንድ ታሪክ አላት፤ ልጆች ሆነን ደጋግማ ነግራናለች። ካቦ በሆነችበት የመጀመሪያ ሳምንት አንዲት አዲስ ለቃሚ ፍጥነት አልሆንላት ብሎ ስታለቅስ አየችና አጠገቧ ተቀምጣ አብራት ለቀመች። የመጋዘኑ አሮጊት ካቦ መጥተው በሰው ሁሉ ፊት፣ «እጅሽን ክምር ውስጥ ከከተትሽ ካቦ አይደለሽም፤ ሂጂ ረድፍሽ ውስጥ ተቀመጪ» አሏት። ያን ቀን አልቅሳ ነበር። በኋላ ግን ሴቲቱ ልክ ናቸው ትል ነበር፤ ካቦ ለአንዷ ስትለቅም የሌሎቹን ክምር ማን ያያል?

እኔ በቤታችን አፌን ከፍቼ መልስ የምሰጥ ልጅ አይደለሁም። ግን ደብዳቤው ስልኬ ውስጥ ነበረ፣ ጉልበቷም እየወረደ ነበር።

«እማ» አልኋት፣ «ካቦ ትለቅማለች እንዴ?»

እናቴ መሀል ላይ ቆመች። ሶፋው ላይም ወለሉ ላይም አልነበረችም።

«ምን አልሽ?»

ደገምሁት። «ካቦ እጇን ክምር ውስጥ ትከታለች?»

አባቴ የሚያነበውን ነገር ዝቅ አደረገ። ሲያስተምር ተማሪ ጥሩ ጥያቄ ሲጠይቀው ያሳይ የነበረውን ፊት አሳየ። እናቴ እኔን አየችኝ፣ ለቃሚዋን አየች፣ ጨርቁን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ተመልሳ ተቀመጠች። ጨርቁን ለእኔ ሰጠችኝ።

«እዚያ ሶፋ ሥር፣ በግራ በኩል፣ ጥጉን ጥረጊና አሳዪኝ።»

ጠርጌ አሳየኋት። ጥላሸት ነበረው። እናቴ ጨርቁን እንደ መዳፍ ቡና ወደ ብርሃኑ ያዘችው።

«ይደገም» አለች።

ስልኬ ላይ የሳሎኑን ካርታ ከፍቼ ያንን ጥግ በጣቴ ከበብሁት፤ ለቃሚዋ ተነሥታ ገባች። ወጣች። ጨርቁን አሳየኋት። «ይደገም።» ሦስተኛ ጊዜ ገባች።

«ለቃሚሽ ልትለቅ ነው» አላት አባቴ።

«ትልቀቅ። በሩ ክፍት ነው። ደፉን ከዘለለች።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ጠዋት ጠዋት ሶፋው ላይ ትቀመጣለች፣ እግሯን በርጩማ ላይ ትዘረጋለች፣ የአባቴን ጃንጥላ ይዛ ትጠቁማለች። በሳምንት ውስጥ ካርታውን ማንበብ ቻለች፤ መኝታ ቤቷ ካርታው ላይ ጠማማ መሆኑን አይታ ግንበኛውን አማችው። የላስቲክ ምንጣፉን ራሷ አዝዛ አስነሣችው። ጭቃ ሲገባ ለቃሚዋ እንድትነሣ አትፈቅድም፤ «እሱ የሷ ረድፍ አይደለም» ትላለች።

የማን ረድፍ እንደሆነ የታወቀው በረንዳው ላይ ነው። ጭቃው ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ነው፣ ለቃሚዋ ደግሞ ደረጃ አትወርድም። እናቴ ጃንጥላውን ወደ በረንዳው ዘረጋች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ወደ አባቴ አዞረችው።

«በረንዳው ለቃሚ አልተመደበለትም» አለች።

አባቴ በቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው፤ መንገድ ላይ ሲያልፍ ሰዎች ከወንበር ይነሡለታል። ተነሣ፣ የግቢውን በር በብረት ዘጋ፣ እናቴ የመሥሪያ ቤት ኮሪደር ነው ያለችውን ባለ እንጨት መወልወያ አነሣ። አንድ ጎረቤት በሩን ሲያንኳኳ ባልዲውን ገልብጦ ተቀመጠበትና የማሽኑን መመሪያ ማንበብ ጀመረ። መመሪያው ተገልብጦ ነበር። እናቴ ከሶፋው ሆና፣ «ይደገም!» ስትል ጎረቤቱ ሳይሰማ አልቀረም።

የቢሮ ጓደኞቼ ይህ ማሽን ለቤተሰብ ቤት ይረባል ወይ ብለው ይጠይቁኛል። ለአቧራ ይረባል፤ ለፀጉር፣ ለፍርፋሪ፣ አልጋ ሥር ለሚሰበሰብ ነገር ይረባል። ለጭቃ አይረባም፤ ደፍ ላለው ቤት ሰው ይፈልጋል፤ መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር ትዕግሥት ይፈልጋል። ቡና በሚሰጣበት ወር መታሰር አለበት። ሥራ ይቀንስልኛል ብሎ የሚገዛው ሰው ያዝናል፤ ወደ ሌላ ሰው ያዛውረዋል እንጂ። ይህንን ሁሉ አልነግራቸውም። «ጥሩ ነው» እላቸዋለሁ። የእናቴን እብጠት ከቀን ወደ ቀን ሲቀንስ ያየሁት እኔ ነኝ።

እናቴ ካርታውን ማንበብ በቻለች ሰሞን፣ እሑድ ምሳ ላይ፣ ደብዳቤውን ከስልኬ አጥፍቼ ነገርኋቸው። ሐዋሳ እንደተቀበሉኝ፣ ምዝገባው ስድስት ቀን እንደቀረው። አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠ። እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

«መቼ ነው የተቀበሉሽ?»

«ነሐሴ።»

«እስካሁን ምን ትጠብቂ ነበር?»

«ጉልበትሽን» ማለት አልቻልሁም። ለቃሚዋን በዓይኔ አሳየኋት። እናቴ ማሽኗን አየች፣ መልሳ እኔን አየች፣ ገባት መሰለኝ። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ።

«በማሽን ነው የፈተንሽኝ?» አለች።

«ማሽኑን ነው የፈተንሁት፣ እማ።»

«ውሸትሽን ነው።» ለቃሚዋን በአገጯ እየጠቆመች፣ «እና አንቺ ስትሄጂ ይቺን ማን ያስነሣልኛል? አባትሽ በስልክ ከወንድምሽ ጋር እንኳ በቅጡ አያወራም» አለች።

«ላይዋ ላይ ቁልፍ አላት።»

«ጎንበስ ብዬ ልጫን?»

ስድስቱን ቀን በዚህ አሳለፍን። በጃንጥላው ጫፍ መጫን ተማረች። መጀመሪያ ሁለቴ እየተጫነች ለቃሚዋን ጀምራ ታስቆማት ነበር፤ ለቃሚዋ በእንግሊዝኛ ታወራለች፣ እናቴ በአማርኛ ትመልስላታለች፣ አባቴ በመሀል ያስተረጉማል። በአምስተኛው ቀን በአንድ ጊዜ ያዘችው።

የሄድሁ ጠዋት ሻንጣዬ በር ላይ ነበር፣ ባጃጁ ውጭ ይጠብቃል። እናቴ ሰው ሲሄድ እስከ ግቢው በር ድረስ የምትሸኝ ሴት ናት፤ ቀበሌ ድረስ የሚሄደውንም ሳይቀር። ያን ቀን ሶፋው ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ ነበር፤ ለቃሚዋ ሳሎኑን እኩሌታ አድርሳለች። ጎንበስ ብዬ ሳምኋት። ልትነሣ እጇን ወደ ሶፋው ክንድ ሰደደች፣ ከዚያ ወለሉን አየችና እጇን መለሰችው።

«ሂጂ፣ ልጄ። ሥራ ላይ ነኝ» አለች።

ልሸኝሽ ባለማለቷ ቅር እያለኝ ሻንጣዬን አንስቼ ወደ ባጃጁ ሄድሁ። ስለምናት የከረምሁት ግን ይህንኑ ነበር፤ ጉልበቷን እንድታሳርፍ።